ጎደል

አፉላ ከተማ፣ ከአውቶብስ ጣቢያው ጀርባ፣
ደረጃ ወርጄ ምድር ቤቱ ስገባ፣
ናሷ መስፈሪያዬ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ፣
ቆማ ትጠብቃለች፣ አፏን ከፍታ እንደ ጫጩት ወፍ።
ካናቷ ብልቃጥ፣ ባሩድ ተሞልቶበት፤
ከሆዷ ከበሮ፣ ብሎን ያለበት።
ወደ ቀኝ ስጠመዝዘው ሆዷ ይጠባል፣
ወደ ግራ ስፈታው ይሰፋል፣ ይጠግባል።
እጀታዋን ሽቅብ፤ ትንፋሽ ያዝ፤ ወደ ታች፤
ሽው ብላ ቀለሁን ልኩን አጎረሰች።

ጥድፊያ አትወድም። እጄ ሲቻኮል ታጎድላለች፣
ተናድጄ ከመታኋት ታተርፋለች።
ላዩ ጎዳና ላይ አውቶብስ አልፎ ግድግዳው ሲርድ፣
ብልቃጡ ውስጥ ሆኖ ጠቅጠቅ ይላል ባሩድ፤
ለዚህ ነው ናፍታሊ፣ የክበቡ ሹም፣
«በየአሥሩ መዝን» የሚለኝ ሁልጊዜም።
የሚዛኗ ነገር! ትንፋሼን ትቆጥራለች፣
ማቀዝቀዣው ሲነፍስ ትወላውላለች።

አባቴ አለሙ፣ ወገራ ላይ ሳለ፣
መስፈሪያው ቀንድ ነበር፤ ብሎን የት አለ?
የድኩላ ቀንድ፣ ጫፉ የተቆረጠ፣
በሚስማር ሦስት ቦታ የተቧጠጠ።
ቀን ገበያ ላይ «ቡዳ» ያሉት ሁሉ፣
ሲመሽ በጓሮ በር ቀስ ብለው ይዘልቃሉ፦
«ጠመንጃዬ ነከሰ»፣ «ቀለሄን ሙላልኝ»፣
«ለዚህች አሮጌ ምንሽር እርሳስ አቅልጠህ አፍስልኝ»።

ያ ቀንድ አሁን እኔ ጋ ነው፣ መሳቢያዬ ውስጥ።
አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳያይ፣ ልቤ ቢቅበጠበጥ፣
ሰፈርኩበት፤ ሚዛኗ ላይ ገለበጥኩ፤
አሥር ጊዜ ሞላሁ፣ አሥር ቁጥር አነበብኩ።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ሰንበት እንደ ወጣ፣
በረንዳ ላይ ሱፍ ሲቆረጥም፣ ነገሩን ላወጣጣ፣
«አባዬ» አልኩት፣ «ቀንድህ ውሸታም ነው፤
ባንድ ምልክት አሥር ልክ ይሰጣል፤ ይሄ ምንድነው?»
ገለባውን ተፋ። ሳቀብኝ ይሁን ሳቀልኝ
አልለየሁም። አውራ ጣቱን ብቻ አሳየኝ።
«ምልክቱ ለዓይን ነው፤ ልኩ እዚህ ጋ ነበር፤
ቀንዱ አፍ ውስጥ ገባ ወጣ ስትል፣ እሷ ናት የምትሰፍር።
ለጠመንጃው መሰለህ የሰፈርኩት ያኔ?
ለሰውየው ነው እንጂ። ሰው እመዝን ነበር እኔ።
ለአዝመራ ጠባቂ፣ ጦጣ ላስቸገረው፣
ሞላ አድርጌ፤ ጦጣም ይፍራ፣ እሱም ደስ ይበለው።
ደም ያለበት ሲመጣ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣
ነገ ሊገድል፣ ዛሬ ግን ጎንበስ ጎንበስ ብሎ፣
ጎደል። ትንሽ ጎደል አደርግለት ነበር፤
እርሳሷ ካፈሙዙ ወጥታ ሜዳ ላይ እንድትቀር።»

«ቢያውቅስ?» አልኩት። «ቢመለስስ ሊገልህ?»
«አንዱ ተመለሰ። በግ ይዞ። በል፣ ሱፍ ልስጥህ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤
ሆን ብሎ ላጎደለ ግን ተረቱ መልስ የለውም።

ዛሬ ማታ፣ ናፍታሊ ወደ ቤቱ እንደ ሄደ፣
የነ መንበሩ ልጅ አቪሻይ ደረጃውን ወረደ።
የክበቡ አባል ነው፤ ፈቃዱ አላለፈም፤
ወረቀቱ ላይ አንዳች ነገር አልጎደለም።
«ሃምሳዋን ስጠኝ» አለ። ወንበር ስስብለት
አልተቀመጠም። ስልኩ ሦስቴ ጮኸ፤ ሦስቴ ዘጋበት።
በርበሬውን አየሁት፣ አባቴ ያለውን፤
ዞር ብዬ ዳሰስኩ የመስፈሪያዬን ብሎን።

ናስ ሰው አታውቅም። ለመጣው ሁሉ እኩል ናት፤
የተሠራችው ለዚህ ነው፣ ሌላ ነገር አልነገሯት።
ጎደል ላድርግ ብል፣ እርሳሷ አፈሙዝ ውስጥ ቀርታ፣
ተከታይዋ ስትመጣ እጁን ትበላለች፤ የዛሬ ብረት አያውቅም ይቅርታ።

«ተበላሽታለች» አልኩት፣ «ብሎኗ ላልቷል፤ ነገ ና፤
ሻይ ግን አለ፣ ቁጭ በል፤ አልመሸም ገና።»
ሃምሳዎቹ ሞልተው ከክርኔ ሥር ነበሩ፤
ጨርቅ ጣል አደረግኩባቸው፣ እንዳይመሰክሩ።

ወንበሩን በእጁ ያዘ፤ አልተቀመጠም፣ አልሄደም።
«ስኳር ስንት?» አልኩት። መልስ የለም።
እኔም ጎኑን፣ ትከሻውን በዓይኔ ለክቼ
ለሰውየው ሰፈርኩለት፣ ማንኪያዋን ሞልቼ።