እኩል ለእኩል

ካንሳስ። የእሳት አደጋው መኪና ደጅ ወጥቶ ተገትሮ፣
ጋራዡ ድምፅ መስጫ፣ በካርቶን ታጥሮ፤
ቨርና መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ፣
ቆጠረች፤ ደገመች፤ እስከሚነጋጋ።
የዝሆኑ ታዛቢ በቀኝ ትከሻዋ፣
የአህያው በግራ፣ ዓይኑ ከጣትዋ።

ለካውንቲው ወንበር፦ መቶ አርባ ሦስት ኦርቪል፤
ዴልፊንም መቶ አርባ ሦስት።
ሕጉስ? "ዕጣ ይጣል" ይላል።

በሳምንቱ፣ በኦርቪል ባርኔጣ፣ ሁለት ስም ተጠቅልሎ፣
ዴልፊን ወጣች። ኦርቪል ጨበጣት፣ ጎንበስ ብሎ።

ማታ ቤት ሚስቱ፣ ሳህን እያለቀለቀች፣
"አንተስ ለማን ሰጠህ?" ብላ ጠየቀች።
"ለዴልፊን ነዋ" አለ፣ ቦቱን እየፈታ፣
"ለራሴ ክበቡን ማጥቆር... እጄ አመነታ።"

እሷም ዝም። ቧንቧው ብቻ ይንጠባጠባል፤
አንድ፣
አንድ፣
አንድ፣ እያለ ይቆጥራል።