የሥራ ልምድ፣ በአጭሩ

ለፈቃድ እድሳት የሚሞላው ፎርም
ሁለት መስመር ሰጠኝ፣ ሌላ ቦታ የለውም።
“የሥራ ልምድ” ይላል፣ “በአጭሩ ይገለጽ”፤
ጸሐፊው ፋይል ይቆጥራል ገጽ በገጽ።

ስም ዘምዘም እንድሪስ፤ አድራሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ።
ቀጥሎ የተማርኩበት ዓመት፣
ሁለት ዲግሪ፣ ማኅተም፣ ውጤት።
እዚህ ድረስ ቀላል።

ልምዴ የጀመረው ከሆስፒታል ጓሮ፣
ክራንች ከሚከመርበት ክፍል ውስጥ ነው ድሮ፤
በሩ አልዘጋ ሲል ወንበር ገትሬ፣
ሰባት ሰባት ደቂቃ ለሰው ሁሉ ሰፍሬ።
“መርፌ አትወጊም እንዴ?” ይሉኛል ሲገቡ፣
ባዶ እጄን እያዩ፣ እጅጌ እየሰበሰቡ።

አቶ ሙሄ አበጋዝ፣ የኮምቦልቻ ሹፌር፣
ዐሥር ሐሙስ መጥቶ ሌላ አላወራም ነበር፤
የጎማ ዋጋ ብቻ፣ የነዳጅ ሰልፍ ነገር።
እኔም ጎማ ተማርኩ።
በዐሥራ አንደኛው ሐሙስ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ
መስኮቱን ሲጋርድ፣ ድምፁ ጥቂት ርዶ፣
“ቁልቁለቱ ላይ ነው” አለ፣ “ረዳቴ።”
ጥያቄ ነበረኝ፤ ዋጥኩት ከአንደበቴ።

ይህ ዝምታ በፎርሙ ስንት ቃል ይባላል?
የመዲናስ? ካርዷ መሳቢያዬ ውስጥ ይተኛል።
አንዴ መጥታ ሳቀች፣ ሁለቴ መጥታ ሳቀች፣
ሳቋን አመንኩላት። ሦስተኛውን ቀረች።
ቀጠሮዋ በእርሳስ ነው፤ እስከ ዛሬ አላጠፋሁም።
ይህን ፎርም ላይ ሞልቶ ያሳደሰ የለም ማንም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ክፍሉን ክራንች ወሰደው፤
እኔም ካርዴን ይዤ ወደ መጠለያው፣
ጥቁር ሰሌዳ ስር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤
ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ ነበር፣ እኔም አልደመሰስኩ።

የራሴን ከከፈትኩ አራት ዓመት ሆነኝ፤
ታፔላ ብሰቅል ሰው ፎቁን ሸሸኝ፤
ባወርደው መጣ።
ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰው ሁሉ ሰው ያውቃል፤
ደረጃዬን ሲወጣ “ለመነጽር ነው” ይላል።
ወይዘሮ ከድጃ፣ ክር በመርፌ የምትሰካ
በኩራዝ ብርሃን፣ ገዛች ሳትለካ
ሁለት መነጽር፣ “ሰው ቢጠይቀኝ” ብላ፤
አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ፣ ሄደች ተቻኩላ።

“እህት፣ አልጨረስሽም?” ጸሐፊው አቋረጠኝ።
“ዐሥራ ሁለት ዓመት” ጻፍኩ፤ አንድ መስመር ተረፈኝ።
ማኅተሙን ሊመታ ትንፋሹን እፍ አለበት፣
ቆም አለ፤ ዓይኑን ጣለ አድራሻው ያለበት።
“ከመነጽር ቤቱ በላይ?” አለ ድምፁን ቀንሶ፣
“ሐሙስ ክፍት ነው?” ዓይኑን ወደ ማኅተሙ መልሶ።
“ዓይኔም... እንጃ ሰሞኑን፣ ደከም ብሎኛል።”