ውሃ ልክ

ልጅ ሳለሁ ብዬን ደጃፉ ላይ ሳኖራት፣
ማንም ሳይነካት
ወለሉን አቋርጣ፣ በአባቴ ጫማ ሥር አልፋ፣
ከምድጃው ጥግ ትገኝ ነበር አርፋ።
«ቤቱ ያውቃል» ይል ነበር ኤምሪስ፣ ሳቁን በጢሙ ይዞ፣
«ሰው ነው እንጂ መድረሻውን ሳያውቅ የሚሄድ ፈዝዞ።»

እሱ ካለፈ በኋላ፣ በጥር፣
የዌልስ ዝናብ ጣሪያውን እንደ ገብስ ሲወቅጥ ሲያድር፣
እግሬን ሲቆረጥመኝ ከሥር የሚነፍሰው ብርዱ፣
ሳንቃውን ነቀልኩት፣ አንድ ባንዱ።
ዝገት የያዘው ምስማር ሲወጣ ይጮሃል፤
መቶ ዓመት የተኛን ሰው ቢቀሰቅሱት እንዲህ ይላል።

ከታች ጨለማ ነው። ንፋሱ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ
ይንጎራደዳል እንደ ባለቤት፣ ኪራዩን ረስቶ።
የሻማ ቁራጭ አገኘሁ፤ የሕፃን ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ፤
ወራጁ ላይ ደግሞ፣ በአናጢ እርሳስ፣ ባለቤት ያጣ ስሌት፦
ሰባት ሲደመር ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት ያለበት።
ሳቅኩ። አንድ ቁጥር ጎድሎ
አራት ትውልድ ኖረ ወደ ምድጃው አዘንብሎ።

ውሃ ልኩን አጋደምኩት። አረፋዋ ሸሸች፣
ሸላች እንዳየች በግ ጥጓን ያዘች።
ሦስት ጣት!
እርጥበት የበላውን ቆርጬ፣
ቀጥ ያለ አዲስ እንጨት ከግዊሊም መጋዘን መርጬ
ከጎኑ በብሎን አሰርኩት፣ አቧራ እየተፋሁ።
ከጫፉ ሥር አባቴ የወሸቃትን ጥቁር ድንጋይ አወጣሁ፤
መዳፍ የምታህል፣ ቀዝቃዛ።
ኪሴ ከተትኳት።

ሜርዲስ ከጎረቤት የታጠበ የበግ ሱፍ በጆንያ ተሸክማ መጣች።
«የግንቡን ቀዳዳ እንዳትደፍኚ» አለች፣
«እንጨትም ካልተነፈሰ ይበሰብሳል።»
ከወራጅ ወራጅ መረብ ወጠርን፤
ሱፉን ሳንጠቀጥቅ ሞላን።
አባቴ ዕድሜውን ካባ ውስጥ ጨረሰ
ድንጋይ ሲሰነጥቅ፤
ካባ ግን አንድ ቀን ትከሻው አልለበሰ።
ይኸው ወለሉን አለበስኩለት።
ዘገየሁ።

ሳንቃው ተመለሰ። አረፋዋ በሁለቱ መስመር መካከል
ቆመች፣ እንደ ዳኛ።
ጠረጴዛውን ሳስገባው ግን
ሻዬ ስኒው ውስጥ ወደ በሩ አዘነበለ።
ተንበረከክኩ። በበሩ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች
ግማሽ ጣት ያህል ቆርጧቸዋል፤
መጋዙ የሄደበት ዛሬም ይታያል።
ወለሉን ማቃናት ሞክሮ፣ አልሆን ሲለው፣
ጠረጴዛውን ከወለሉ ጋር አስታረቀው፣
ለማንም ሳይናገር።

ድንጋይዋን ከኪሴ አወጣኋት።
መሮ ጠርዟ ላይ አሳርፌ፣ እንዳሳየኝ፣ ቀስ ብዬ መታኋት፤
እንደ መጽሐፍ ተከፈተች።
አንዷን ከአንዱ እግር፣ ሌላዋን ከሌላው ሥር።

ማታ የእህቴ ልጅ ማብሊ ብይዋን ደጃፉ ላይ አኖረቻት።
ጠበቀች። በደረቷ ተኝታ ጆሮዋን አስጠጋችላት።
«አክስቴ፣ ታማለች?»
«አይ» አልኳት፣ «ከእንግዲህ መገፋት ትፈልጋለች።»