ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ

የመጨረሻው ባቡር ዴፖ ገብቶ ሲያድር፣
ከራስጌው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ሲሰወር፣
ያኔ ይነጋል የኛ ቀን፣ ቃሊቲ፣ ኩርባው ሥር።
ጅቡ ከወንዙ ማዶ፣ ቆዳ ፋብሪካው ከወዲህ፣
አንዱ በጩኸቱ፣ አንዱ በሽታው «አለሁ» ሲል እንዲህ፣
ሰባት ሆነን እንወርዳለን
ሞረድ፣ ጄነሬተር፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ ይዘን።

እኔ ለኪዋ ነኝ። ጠጠሩ ላይ እንበረከካለሁ፣
የቅርፅ መለኪያዬን ሐዲዱ ራስ ላይ አቆማለሁ፣
በመሐል የሚሾልከውን ብርሃን አጎንብሼ አያለሁ።
ሲመጣ ራሱ ክብ ነበር እንደ ጉልበት ሎሚ፣
የስንቱን ጓዝ ቻይ፣ የስንቱን እንቅልፍ ተሸካሚ፤
ዛሬ ጠፍጥፏል፤ ጎኑ ተበልቶ፣
ጫፉ ላይ ስስ ከንፈር አውጥቶ፣
ፊቱም በጣት ሲደባብሱት
እንደ ቆርቆሮ ክዳን ነው፣ ወጣ ገባ የሞላበት።

«ስንት ሆነ፣ ሶሬቲ?» ይላል ጋሽ ዲንሳ ከጨለማው።
«አንድ ነጥብ ስምንት ሚሊ።»
በጠመኔ ጽፎ ያልፋል።
ሚሊ ምን አላት? ዓይን እንኳ አትሞላ፣
የጥፍር ስባሪ፣ የምስር ክክ ገላ።
መንኰራኩሩ ግን ያውቃታል፤ በደረሰ ቁጥር ያላዝናል፣
ጥርስ በሚያፋጭ ጩኸት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ከዚያ ድንጋዩ ይዞራል።
ፍንጣሪው እስከ አስፋልቱ ይረጫል፣
የጎሚስታው ውሻ ጅራቱን ወሽቆ ይሸሻል።
ሄዶ መምጣት ነው፣ በዚያው ላይ አሥር ጊዜ፣
እያጋደሉ፣ እያለሳለሱ፣ እንደ ሕፃን ትካዜ፤
ጨክኖ የተጫነው እንደሆን ብረቱ ይቃጠላል፣
ሰማያዊ ይመታል፤
ሰማያዊ የመታ ብረት ደግሞ ቂም ይይዛል።

ጋሽ ዲንሳ ይስላል።
የደነዘ ሞረዱን ይስላል፤
የሐዲዱን መልክ መልሶ ይስላል፤
አቧራው ደረቱ ገብቶ፣ ፊቱን አዙሮ ይስላል።
አንድ ቃል ነው አፋችን ለሦስቱም የሰጠው፤
የቱን እንደያዘ፣ ጆሮ ያለው ይለየው።

«ጋሼ» አልኩት አንድ ሌሊት፣ ሻይ ስንጠጣ፣
«ቀንሰን ቀንሰን፣ መጨረሻው ምን ሊመጣ?»
«ካልቀነስሽለት» አለኝ፣ «ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይወርዳል።
ከላይ ጥቂት ስትወስጂ ከሥር ብዙ ይተርፋል።
ግን ልክ አለው ልጄ፤ ራሱ ካነሰ ሞረድ አይሠራም፤
ይነሣል። አመስግነው ያነሡታል። ሌላ የለም።»
ጡረታው ስድስት ወር ቀርቶት ነበር።
እኔ ስለ ሐዲድ ብቻ ያወራ መስሎኝ እንደነበር
ሆኜ፣ ኩባያዬን አለቀለቅሁ።

ኩርባውን በጨረስን በአራተኛው ቀን፣
ከአጥሩ ጀርባ የምትኖር ወይዘሮ ይመኙሻል መጣች፤
ዘንቢል ሙሉ ጎመኗን ዴፖው በር ላይ ዘረገፈች።
«ባቡሬን ድዳ ያደረገብኝ ማነው? ይውጣ!» አለች።
«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ኩርባው ጋ ሲደርስ ሲጮኽ ነበር የምነሣው፤
ዶሮ አላረባሁ፣ ሰዓት አልገዛሁ፣ እሱን ብዬ ስተኛው!
ይኸው ፀሐይ ቀሰቀሰችኝ፤ ደንበኛ የለ፣ ጎመኔም ጠወለገ።»
ዘበኛው ሳቀ።
ጋሽ ዲንሳ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ፣
የጎመኑን ሒሳብ ከፈላት፣ ከኪሱ ቆጥሮ፣ ደባብቆ።
«አይዞሽ እመቤቴ» አላት፣ «ብረት ነው፣ ሁለት ዓመት ታገሺ፤
እንደገና ያልቃል፤ ይጮኽልሻል፤ እስከዚያ አታልቅሺ።»
እሷም እየሰደበችው፣ ግን ዘንቢሏን እያራገፈች ሄደች።

ስድስት ወሩ አለፈ። ጠመኔው አሁን እኔ ኪስ ውስጥ ነው።
የሌሊቱን ሥራ ጨርሼ ስወጣ፣ ገና ሳይነጋ፣
ኩርባው ጋ እቆማለሁ፤ ባቡሩ ያልፋል እንደ ሻሽ፣
ያለ ኮሽታ፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ የሚሸሽ።
ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ እጄን ሰድጄ
ቆርቆሮዋን ሁለቴ እመታለሁ።
«ማነው?» ትላለች፣ እንቅልፍ ባጠናገረው ድምፅ።
«ባቡሩ» እላለሁ።