ከደመና በላይ፣ ከደመወዝ በታች

ሌሊት አሥር ሰዓት፤
ዱሉት በበረዶ ተጀቡና ሳለች፣
ብሪታ አንዲት ሸሚዟን በፀጉር ማድረቂያ ታደርቃለች።
ሁለተኛ የላትም።
ስድስት ሆነው የተከራዩት ክፍል፣ ስድስት አልጋ፣ አንድ መስታወት፤
ተራዋን ጠብቃ ትቆማለች፣ ፀጉሯን ጠቅልላ በጥብቀት፣
ደንቡ እንደሚለው።

ደንቡ ወፍራም ነው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስለ ጫማ ያወራል፦
«ጫማ እንደ መስታወት ይብራ፣ ከረባት ይድረስ ቀበቶ፤
ፈገግታ ይኑር በልኩ፣ ድካም አይታይ ከቶ።
መንገደኛ ፊት አይበላ፣ መንገደኛ ፊት አይዛጋ።»
ስለ ደመወዝ ያለው ግን ግማሽ ገጽ ነው፣
እሱም ከኋላ።

እኔ ዌንደል ነኝ፣ አለቃዋ። ትከሻዬ ላይ አራት የወርቅ ክር፣
የሷ ሦስት።
ክሩን የሚያይ ሁሉ ወርቁን ያያል፤
ክሩ ግን ክር ነው፣ ቢሸጡት ማን ይገዛዋል?
እሷ ክንፏን የገዛችው በዱቤ ነው፤
የትምህርት ቤቱ ዕዳ ከአውሮፕላኑ ይከብዳል።
እኔ ደግሞ ባርኔጣዬን ደረቴ ላይ ታቅፌ በአዳራሹ ሳልፍ
እናቶች ለልጆቻቸው «ያውና አብራሪው» ይላሉ በጣት፤
ባርኔጣው ውስጥ ያለችው
ከሆቴል ቁርስ ያነሳኋት አንዲት ሙዝ ናት።

የዚያን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ በጎን ይመታን ነበር።
ሃምሳ ሰው ጭነናል።
መሪው በብሪታ እጅ ነው፤ እጇን አየሁት፣
አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም።
ጎማው መሬት ሲነካ የተኛ ሕፃን አልነቃም።
ከዚያ በማይክሮፎኑ፣ በዚያ ሰው በሚያረጋጋ ድምጿ፦
«ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን በደህና ገባችሁ።»
እሷንስ ማን «በደህና ግቢ» ይላታል?

ማታ።
ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዓሣና ድንች የሚሸጥ ቤት አለ፤
ርካሽ ስለሆነ እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት ብሪታ ቆማለች፣
ሽርጥ ታጥቃ፣ ሦስት ሳህን በአንድ ክንድ።
አየችኝ። አየኋት።
ሳንነጋገር ተስማማን ላለመተዋወቅ።
ደንቡ ስለዚህ ምንም አይልም።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ቶይቮ ራንታላ፣
ዕድሜውን ብረት ሲቆፍር የኖረ፣ መዳፉ የዛፍ ቅርፊት፤
«ሾርባው ትኩስ ነው፣ ይጠንቀቁ» ስትለው ቀና አለ በድንገት።
«ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ።
ዛሬ ጠዋት ስንናወጥ ‹ትንሽ ነፋስ ነው፣ አትስጉ› ያልሽን
አንቺ አይደለሽም?»

ሳህኑ እጇ ላይ አልተንቀጠቀጠም።
«እህቴ ናት» አለች። «ሰው ሁሉ ይሳሳታል።»
«ጎበዝ ናት እህትሽ።»
«ናት።»
«ትተኛለች?»

ማንኪያዬ አፌ ደጃፍ ላይ ቆመች።
ያን ጥያቄ ነው እኔ ሃያ ዓመት ስሸሸው የኖርኩት፣
በፈገግታ የሸፈንኩት፣ በከረባት አንቄ የያዝኩት።
ብሪታ ጠረጴዛውን ወለወለች።
«ዳቦ ልጨምርልዎ?» አለች።

ሽማግሌው ሲወጣ ከሳህኑ ሥር ሃያ ዶላር ተወ፤
የአፍ መጥረጊያው ወረቀት ላይ ደግሞ፦ «ለእህትሽ። ለእንቅልፍ።»

ከደመና በላይ ነን፤ ይህን ማንም አይክድም፤
ከደመወዝ በታች ነን፤ ይህን ማንም አይጠይቅም።
ሁለቱ ቃላት አፋቸው አንድ ነው፣ ጭራቸው ብቻ ይለያያል፤
ደመናው ይዘንባል፣
ደመወዙ ገና ሳያካፋ ይበተናል።

በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ መጣች።
ጫማዋ እንደ መስታወት። የሸሚዟ ኮሌታ ግን እርጥብ፤
ከከረሜላዋ ሽታ ሥር ትንሽ የዓሣ ዘይት ይሸታል።
ቀበቶዋን አሰረች፣ የፍተሻውን ዝርዝር ጭኗ ላይ ዘረጋች፦
ነዳጅ፣ ዘይት፣ በረዶ ማቅለጫ፣ መብራት።
ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን እኔ ጠየቅኋት፦
«ተኝተሻል?»

ዓይኗን ከመደወያዎቹ ሳትነቅል፣
«እህቴ ተኝታለች» አለች።

ባርኔጣዬን ገለበጥሁት። ሙዟን ለሁለት ቆረስናት፣
የመንገደኛው በር ሳይከፈት።