አሥራ አንድ ድምፅ

ከባቡሩ ወርጄ ድልድዩን ስሻገር፣
ሻንጣዬ በአንድ ጎማ ያነክስ ነበር።
ቤርሼባ በጥቅምት ገና አልቀዘቀዘም፣
ሰማዩ አቧራ እንጂ ደመና አልያዘም።
የበሩ ጠባቂ ቦርሳዬን ፈተሸ፣
"ምን ልታጠኚ ነው?" "ፖለቲካ።" ሸሸ
ፈገግታው ወደ ጎን።
"እሱማ እኛ ቤት
በነፃ ይታደላል፣ ዓርብ ማታ፣ ለእራት።"

አዳራሹ ሙሉ ነው። ዶክተር ሪሞና
አንድ ቃል ጻፈች፣ ወደ ሰሌዳው ዞረችና፦
"ሪቦኑት"።
ሦስት መቶ ጣት ኮምፒውተር ላይ ዘነበ፤
የእኔ እጅ ብቻ ቆመ።
ቃሉስ ገብቶኝ ነበር፣
የሚያርፍበት ቦታ ነው ውስጤ የጠበበ።

ማታ ቂርያት ጋት ደወልኩ፣ ለአባቴ።
(ሽማግሌ ነው እሱ፣ የሰፈሩን ጠብ
ሲፈታ የኖረ፦ የባልና ሚስት፣
የጎረቤት አጥር፣ የውርስ ገንዘብ።)
"በእኛ ቋንቋ ምን ይሉታል?" አልኩት።
ጉሮሮውን ጠረገ። ቴሌቪዥኑን ቀነሰ።
"ሉዓላዊ ይሉታል፣ ከላዩ የሌለው።
እኔ ግን በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰው
አላየሁም፣ ልጄ፤
ጥርሱን የማያመው።"

ደብተሬ ጠርዝ ላይ፣ በዕብራይስጥ ፊደል፣
ጻፍኩት እንዳይጠፋኝ የአማርኛውን ቃል፤
ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ለካስ በአባቴ ቋንቋ
ገና ፊደል አልቆጠርኩም።

ቤታችን ሰፈር ዳሌት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ደረጃው ላይ ድመት እንጂ መብራት አይጠበቅ።
ፍሪጁ የሦስት ነው፦ ላይኛው የሊሮን፣
የሃያም መካከሉ፣ የእኔ ታችኛው ሲሆን፣
ድንበሩ ፕላስተር ነው።
ማኅበራዊ ውልን ለፈተና አጥንተን፣
"ሳህን የማጠብ ተራው የማን ነው?" ተባብለን
ሦስት ሳምንት ተከራከርን።
በመጨረሻ ሻጋታው ያለ ምንም ውል ሰፈረ፣
የሁላችንንም ድንበር አንድ ሌሊት ተሻገረ።

ከሐኑካ በኋላ ምርጫ ተጠራና
ለተማሪ ተወካይ ቆምኩ። ምን አለኝና?
"ማተሚያው ይጠገን። ቤተ መጻሕፍት
ፈተና ሲደርስ አይዘጋ ሌሊት።"
ኢታማር፣ የሞዲዒኑ፣ ምንም ቃል አልገባ፤
ትኩስ ቡሬካስ ይዞ አዳራሹ ገባ።

በአሥራ አንድ ድምፅ ወደቅኩ።
አሥራ አንድ!
ቡሬካሱ ስንት ነበር? ስቆጥር አደርኩ።
ሃያም ከራሃት ስትመጣ አውቶቡሱ አምልጧት
ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ ደረሰች፣ እያለከለከች።
ሊሮን ግን ዓይኗን ከሾርባዋ ሳታነሣ
"እሱን ነው የመረጥኩት" አለች።
"በየሳምንቱ በመኪናው ቤቴ ያደርሰኛል።
ምን ላድርግ?"
ከዚያን ቀን ወዲህ የፍሪጁ ፕላስተር ወፈረ።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣
አይዞሽም አላለኝ።
"ማን አስታረቃችሁ?"
"ምርጫ ነው እኮ፣ አባዬ! አንዱ ያሸንፋል፣
አንዱ ይሸነፋል፣ አለቀ። አስታራቂ የለውም።"
"እንግዲያ" አለ፣ "አላለቀም።"

በማግስቱ ከማሽን ሁለት ሻይ ቀድቼ
ኢታማርን ፈለግኩት።
ማተሚያው ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት፣
እጁ እስከ ክርኑ ቀለም፣
ቃል ያልገባው ሰው የእኔን ቃል ሊፈጽም።
"በየት በኩል ነው የሚከፈተው?" አለኝ።
እኔም አላውቅም ነበር፤
ቃል ገባሁ እንጂ ከፍቼ አይቼው አላውቅም።
ሻዩ ቀዘቀዘ። ከብዙ ትግል በኋላ
አንድ ወረቀት ወጣ፣ ግማሹ የተቀደደ፣
ግማሹ ጥቁር።

ፈተናው ላይ "ቅቡልነት ምንድን ነው?" ተባለ።
ስለ ሕግ፣ ስለ ልማድ፣ ያነበብኩትን ሁሉ ጻፍኩና
ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንድ መስመር ጨመርኩ፦
"ተሸናፊው ሳይታረቅ ምርጫው አላለቀም።"

ሰማንያ አንድ አገኘሁ።
ከመስመሩ ጎን፣ በዶክተር ሪሞና ቀይ ብዕር፣
"ጥሩ። ምንጩ?" የሚል ነበር።

ምንጩ፦
አባቴ፣ ቂርያት ጋት፣ በስልክ፣
ቴሌቪዥኑን ቀንሶ።