የተገራ ምች

መጀመሪያ እሾህ መሰለው፣
ከሽምብጥ ዳር ደንገል ሲያጭድ ተረከዙን የቸከለው።
በመርፌ ጫፍ ቆፈረው፤ አጣው። በጨው ውኃ ዘፈዘፈው፤
ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ እሾሁ ግን አላለፈው።

በውስጥ እግሩ ንጣት ላይ ጠቆረ፤
ጠርዙ ተዛነፈ፣ ሰፋ፣ እንደ ፈሰሰ ቀለም አደረ።
«የታንኳ አሳሪ እግር» አለ ሽባባው፣ «መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል?»
አባቴ ነው። ስለ ራሱ ሲያወራ ሁሌም ይስቃል።

ናሙናውን ይዤ የሮጥኩት፣ ላቦራቶሪ ያደርኩት እኔ ነኝ፤
በማይክሮስኮፑ የታየኝ፣ ምነው ባላየሁ አሰኘኝ።
ዶክተር ትርንጎ ቆርጣ አወጣችው፤ ሰፋችው፤ ዳነ አልን።
በጥቅምት ግን ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሆኖ መጣብን።

አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣
«አባዬ» አልኩት፣ «ከምች የሚሠራ መድኃኒት ባሕር ማዶ አለ።»
«ከምን?»
«ከምች።»
ሳቀ፤ ጎኑን ይዞ፣ ትንፋሹ እስኪቆረጥ፤
«እናቴ በዳማ ከሴ ያባረረችው ምች፣ ሐኪም ሆኖ ይቀመጥ?»

ያው ነው አልኩት፤ ያው ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚፈነዳው፤
አሁን ግን እንደ ወይፈን ተገርቶ ነው፣ ቀንበር ለምዶ የሚነዳው።
የጤነኛ ሕዋስ ደጃፍ ቢያንኳኳ፣ ዘበኛ አለ፣ ይመልሰዋል፤
ካንሰር ግን ሲሰፋ፣ ሲስገበገብ፣ ዘበኛውን ካባረረ ቆይቷል።
ዘው ብሎ ይገባል። ይራባል። ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ይሞላል።
ቤቱ ሲናድ ጎረቤት ይሰማል፤ የደም ወታደር ይነቃል፤
«ለካ እዚህ ኖሯል!» ብሎ፣ የሸሸውን ሊፈልግ ይወጣል።
ያኔ አዳኝ ነው፤
አጥብቃችሁም አላልታችሁም አንብቡት፣ ሁለቱም ያው ነው።

ዝም አለ። ሐይቁን አየ። በጨረቃም ያስታውቃል እምቦጩ፣
ከዳር እስከ ዓይን መድረሻ፣ ታንኳ አያሳልፍም ምንጣፉ።
«ስንት ዘመቻ ወጣን» አለ፣ «ወገባችን እስኪቀጭ ነቀልን፤
ቅዳሜ ያጸዳነውን ውኃ፣ ሰኞ አበባ ሞልቶት አገኘን።
አንድ ተማሪ በባልዲ ጢንዚዛ ይዞ አሳየኝ፤
እምቦጭ እንጂ ደንገል አይነካም ብሎ ማለልኝ።
ታዲያ እምቦጩ ሲያልቅ ምን ይበላል? አልኩት።
ይራብና ይሞታል አለኝ። እኔ... አዘንኩለት።

ያንቺም ምች እንደዚያ ነው?»
እኔ እንጃ፤ እስከዚያ አላነበብኩም፤
ዋጋውንም አላነሳሁም፤
ከዜሮ በታች ሰባ ብርድ ውስጥ እንደሚኖር አልነገርኩም።
እኛ ሰፈር መብራት ገና አልመጣም።

ጠዋት ታንኳውን ጎትቶ ፀሐይ ላይ ገለበጠ፤
የታሰረ እግሩን ዘርግቶ አጠገቡ ተቀመጠ።
«ደንገል ውኃ ይጠጣል» አለ፣ «ያልጠጣ ታንኳ አላየሁም፤
ሳይሰምጡ መድረስ ነው፣ ከዚያ ማድረቅ። ሌላ ጥበብ አልተማርኩም።»

ሳምንት ሳይሞላ ከንፈሬ ላይ ምች ወጣ፤ አቃጠለኝ።
ዳማ ከሴ ልቀጥፍ ስል አባቴ ከደጅ ጠራኝ፤
አገጬን ይዞ፣ እንግዳ እንደሚያይ፣ ወደ ብርሃን አዞረው፤
ረጅም ጊዜ አየው።
«ይሄ ገና ቀንበር አያውቅም» አለ፤ ቅጠሉንም ራሱ አሸው።